ጠመኔውን ያስቀመጠ አማካሪ ፈቃዱን አያስቀምጥ

በዚህ ዓመት ከእኛ ክፍል ከሚመረቁት ጓደኞቻችን ብዙዎቹ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ከእነዚህም መካከል ጥቂቶቹ በጠመኔና በሰሌዳ ፈንታ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ያለበት፣ በሩ ላይ «የምክር አገልግሎት» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ክፍል ይሰጣቸዋል። ለዚህ ሥራ የሚጓጉ አሉ፤ እኛም ከሚጓጉት ውስጥ ነን። ታዲያ ባለፈው ወር ላውንጅ ውስጥ ሻይ ስንጠጣ አንድ ጓደኛችን፣ «እኔ አንዴ አማካሪ ከሆንኩ በኋላ የማስተማር ፈቃድ ምን ያደርግልኛል? ይህን ሁሉ ዓመት የተማርኩት ሰሌዳ ለመጥረግ አይደለም» ሲል ሰማነው። በጠረጴዛው ዙሪያ የነበርነው ሁሉ ሳቅን። የተቃወመው አልነበረም። ዝም ያልነው ግን ስለተስማማን አይደለም፤ መልሱ በአንድ ስኒ ሻይ የሚያልቅ ስላልመሰለን ነው። ስለዚህ በዚህ መጽሔት ላይ እንመልስለት፤ እሱም ከፈለገ በሚመጣው እትም ይመልስልን።

የእኛ አሳብ ይህ ነው። አስተማሪ የነበረ ወይም ለአስተማሪነት የተዘጋጀ ሰው አማካሪ ሆኖ ሲሠራ የማስተማር ፈቃዱን ጊዜው እንዲያልፍበት ሊተወው አይገባም። ምክንያታችንም ብዙ ሰው እንደሚገምተው የእንጀራ ጉዳይ ብቻ አይደለም። እንጀራም ቢሆን የሚናቅ ነገር አይደለም፤ ቢሆንም ከዚያ የሚበልጥ ነገር አለው።

ነገሩን ለማያውቁት አስቀድመን እናስረዳ። ዲግሪ መያዝ ብቻውን ለመምህር የሚበቃበት ዘመን አልፏል። በአራተኛው የትምህርት ዘርፍ ልማት መርሐ ግብር፣ ማለት እ.ኤ.አ. ከ2010/11 እስከ 2014/15 በተሠራበት ዕቅድ፣ የመምህራን የሙያ ፈቃድ መስጠትና ማደስ የሚባለው አሠራር ገባ። ፈቃድ የሚሻው መምህር የጽሑፍ ፈተና ይፈተናል፤ የሥራውን ማስረጃ ያሰባሰበበትንም ማህደረ ተግባር ያቀርባል። ከዚያም በፊት እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ ማዕቀፍ፣ መምህራን በአጭሩ «ተሙማ» የሚሉት፣ እያንዳንዱ መምህር በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት ለሙያው ማሻሻያ እንዲያውል ያዛል። አዲስ የተመደበ መምህር ደግሞ የመጀመሪያዎቹን 2 ዓመታት በሥራ ላይ ትውውቅ ያሳልፋል። ከጀማሪ መምህር ተነሥቶ ወደ ከፍተኛ መምህርና ወደ መሪ መምህር የሚያወጣው መሰላልም በዚሁ ማስረጃ ላይ የቆመ ነው። በዲግሪ ላይ የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ፣ ማለት ፒጂዲቲ፣ የጨመሩ ጓደኞቻችን ይህን ሁሉ ከእኛ አብልጠው ያውቁታል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ሲታሰብ የታሰበው ክፍል ገብቶ የሚያስተምረው ሰው ነው። ዕለታዊ የትምህርት ዕቅድ፣ የክፍል ምልከታ፣ የተማሪዎች ውጤት ትንተና፤ የማህደሩ ገጾች የሚሞሉት በእነዚህ ነው። አማካሪው ከጧት እስከ ማታ ሲሠራ ውሎ ወደ ማህደሩ ሲመለስ የሚያስገባው ወረቀት ያጣል። የሠራው ሥራ ምስጢር ነው። አባቷ ከቤት ያባረራትን ልጅ ወደ አክስቷ ቤት እንድትገባ ሦስት ቀን ሲመላለስ የዋለ አማካሪ ይህን በየትኛው ቅጽ ላይ ይሞላዋል? ቢሞላውስ ማን እንዲያነበው ነው? እንዲህ እያለ አንድ ዓመት ባዶ ያልፋል፤ ሁለተኛውም ይከተላል። አምስት ዓመት ሳይሞላ ሰውዬው በመምህራኑ ዘንድ መምህር አይደለም፣ በመሥሪያ ቤቱ መዝገብም ሌላ ስም አላገኘም፤ ከሁለት ያጣ ጎመን ሆኖ ይቀራል።

ጓደኛችን «ቢቀርስ?» ይል ይሆናል። ለዚህ ባለፈው ዓመት በፕራክቲከም ጊዜ ያየነውን እንንገረው።

ከተመደብንባቸው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአንደኛው (ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም) አንዲት አማካሪ ነበሩ። 9 ዓመት ባዮሎጂ አስተምረው፣ በክረምት እየተመላለሱ በሥነ ልቦና ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ይዘው ወደ ምክር ክፍል የተዛወሩ ሴት ናቸው። ክፍላቸው ከስፖርት ዕቃ ማስቀመጫው በኮምፔንሳቶ የተከፈለ ስለሆነ፣ አንድ ተማሪ ጉዳዩን ሲያወራ ከማዶ ኳስ ሲነፋ ይሰማል። እሳቸውም ለተማሪው፣ «አይዞህ፣ እኛ እንደምንሰማቸው እነሱ አይሰሙንም» ይሉታል። እውነት ይሁን አይሁን አላጣራንም።

አንድ ቀን ርዕሰ መምህሩ ጠሯቸውና ጫት እንደሚቅሙ ነግረዋቸው የነበሩትን ተማሪዎች ስም ዝርዝር ለዲሲፕሊን ኮሚቴ እንዲሰጡ አዘዟቸው። አማካሪዋ አይሆንም አሉ። ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ወላጆች ሲጮኹባቸው የሰነበቱ፣ መውጫ የጨነቃቸው ሰው ነበሩ። ነገር ግን ተቆጡና፣ «እንግዲያው የዘንድሮን ማህደርዎን ማን እንደሚፈርምልዎ እናያለን» አሉ። አማካሪዋም ረጋ ብለው፣ «ፈቃዴ አላለፈም። ባዮሎጂ ክፍል ይመልሱኝና ለዚህ ክፍል ስም የሚሰጥዎ ሰው ይፈልጉ» አሉ። እኛ ከበሩ አጠገብ ቆመን ነበርና ሰማን። ርዕሰ መምህሩ ለምክር ክፍሉ ሌላ ሰው አልነበራቸውም። ዝርዝሩም በዚያው ቀረ።

በሌላው ትምህርት ቤት የነበረው አማካሪ ደግሞ በዕድሜ ወጣት፣ በትምህርቱም ጎበዝ የሚባል ሰው ነው። ማስተማር ካቆመ 6 ዓመት ሆኖታል፤ በእነዚህ ዓመታት አንድ ገጽ ማህደር አልያዘም። ጧት ጧት በሩ ላይ ቆሞ ያረፈዱትን ይመዘግባል፤ ከሰዓት በኋላ የጎደሉ ቅጾችን ይሞላል፤ ፈተና ሲሆን ወረቀት ይቆጥራል። ያረፈዱትን የመዘገበ እጅ ከሰዓት በኋላ የምክር ክፍሉን በር ሲከፍት የሚገባለት ተማሪ እንዴት ይገኛል? እኛ በነበርንበት 4 ሳምንት ውስጥ በገዛ ፈቃዱ የመጣ ተማሪ አላየንም። ለምን እምቢ እንደማይል ስንጠይቀው፣ «እምቢ ብዬ የት እሄዳለሁ?» አለን።

ስለ ፈቃድ ስንናገር የምንናገረው ስለዚህች «የት እሄዳለሁ» ነው። የአማካሪ ሥራ በየወሩ አንድ ጊዜ እንኳ «አይሆንም» ማለት የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ለርዕሰ መምህሩ፣ ለወላጁ፣ አንዳንዴም ለተማሪው። «አይሆንም» ለማለት የሚችለው ደግሞ ሌላ የሚቆምበት መሬት ያለው ሰው ነው። የሥነ ምግባር ደንብ በክፍል ውስጥ ስንማር በጣም ያምራል፤ ነገር ግን ደመወዙ በአንድ ሰው ፊርማ ላይ የተንጠለጠለ አማካሪ ደንቡን ጠብቆ ለመኖር ደንቡን ማወቅ ብቻ አይበቃውም።

አንዳንዶች በዚህ ላይ የሚያነሡት ተቃውሞ ቀላል አይደለም። «ፈቃድ ያለው አማካሪ መምህር በጎደለ ቁጥር ወደ ክፍል ይጎተታል፤ ፈቃዱ እንዲያውም ገመድ ነው» ይላሉ። እውነት ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ። ይህ ቁጥር ከተሰማ ወዲህ ርዕሳነ መምህራን የማጠናከሪያ ትምህርት የሚሰጥ ሰው ሁሉ ይፈልጋሉ፤ ባዮሎጂ የሚያውቅ አማካሪ በወንበር ላይ ተቀምጦ ሲያዩ እጃቸው ይበላቸዋል። ነገር ግን ይኸው ቁጥር ለእኛ ሌላ ነገር ይነግረናል። ከመቶ ተፈታኝ ከ90 በላይ የሚሆነው ውጤቱን ካየ በኋላ በዚያው ሌሊት «አሁን ምን ልሁን?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ያስፈልገዋል። ቴክኒክና ሙያ ምን እንደሆነ፣ ሪሚዲያል ለማን እንደሆነ፣ እንደገና መፈተን ምን እንደሚጠይቅ ሊነግረው የተመደበው ያው አማካሪው ነው። ስለዚህ ሁለቱም ወገን ይፈልጉታል። ፈቃድ የሌለው አማካሪም ቢሆን ሲጎተት አይተናል፤ ልዩነቱ አንዱ ወደ ክፍል፣ ሌላው ወደ በር ጥበቃ መጎተቱ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ሌላው ነው። ከላይ የጠቀስናቸው አማካሪ በመጀመሪያው ዓመት ፈቃዳቸውን ለመጠበቅ ብለው በሳምንት 8 ክፍለ ጊዜ ባዮሎጂ ያስተምሩ ነበር። በዚያው ጊዜ ቤቷ ውስጥ ችግር የገጠማት አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ወደ ምክር ክፍል ትመላለስ ነበር። በሴሚስተሩ መጨረሻ በባዮሎጂ ዝቅተኛ ማርክ አገኘች። ከዚያ በኋላ መምጣቷን አቆመች። ፈልገው ቢያገኟት፣ «ቲቸር፣ ማርኬን የሰጡኝ እርስዎ ነዎት፤ እንደገና ምስጢሬን እንዴት ልንገርዎ?» አለቻቸው። ይህን ሲነግሩን መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ማርክ የሚሰጡበትን ክፍል ሁሉ ተዉ።

እንግዲህ እኛ ፈቃዱን ጠብቁ ስንል ይህችን ልጅ ረስተን አይደለም። ማርክ የሚሰጥና ምስጢር የሚሰማ ሰው አንድ ሊሆን አይገባውም፤ በዚህ ላይ ከማንም ጋር አንከራከርም። ጥያቄው ማርክ ሳይሰጡ ፈቃድ ማደስ ይቻላል ወይ ነው። እኛ ይቻላል እንላለን።

እ.ኤ.አ. በ2012 በትምህርት ሚኒስቴር የወጣውን የመምህራን የሙያ ደረጃ ያነበበ ሰው ሰባት ነገር ያገኛል። ተማሪውንና አማማሩን ማወቅ፤ የትምህርቱን ይዘትና የማስተማሪያውን ዘዴ ማወቅ፤ ትምህርትን ማቀድና ማካሄድ፤ ለመማር የሚመችና ስጋት የሌለበት ሁኔታ መፍጠር፤ መመዘንና ውጤትን ማሳወቅ፤ ራስን በሙያ ማሻሻል፤ ከባልደረቦች፣ ከወላጆችና ከኅብረተሰቡ ጋር በሙያ መተባበር። ከእነዚህ ውስጥ አንደኛውን፣ አራተኛውን፣ ስድስተኛውንና ሰባተኛውን ከአማካሪ አብልጦ የሚሠራ ማነው? እንዲያውም ብዙ መምህራን በማህደራቸው ውስጥ የሚቸገሩት በእነዚሁ አራት ነው፤ ወላጅ ያነጋገሩበትን ማስረጃ ፍለጋ በሰኔ ሲሯሯጡ አይተናል። አማካሪው ይህ በእጁ ነው። የሚደርቁበት ሦስቱ ናቸው፤ ይዘቱ፣ ዕቅዱና ምዘናው።

እነዚህን ሦስቱን ለማርጠብ መንገድ አለ። አማካሪው ለ9ኛ ክፍል አዲስ ገቢዎች ስለ አጠናን ዘዴ፣ ስለ ጊዜ አጠቃቀም፣ ስለ ሙያ ምርጫ በየሳምንቱ ይናገራል፤ ይህን ብዙዎቹ እንደ ስብሰባ ንግግር ያደርጉታል። ለምን እንደ ትምህርት አያደርጉትም? ዓላማው ተጽፎ፣ ዕቅዱ ወጥቶ፣ በመጨረሻ ተማሪዎቹ ምን እንደ ያዙ በአምስት ጥያቄ ተመዝኖ (ማርክ ሳይሰጥ)፣ አንድ የሥራ ባልደረባ ከኋላ ተቀምጦ ታዝቦ ቢፈርምበት፣ ይህ ዕለታዊ የትምህርት ዕቅድ ካልሆነ ዕለታዊ የትምህርት ዕቅድ ምን ሊሆን ነው? ይዘቱ እንዳይረሳ ደግሞ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ክፍለ ጊዜ ከቀድሞ ባልደረባው ጋር አብሮ ይግባ፤ ባልደረባው ማርኩን ይስጥ፣ እሱ የሚቸገሩትን ይርዳ። ተግባራዊ ምርምርም አለ። በገበያ ቀን ሴት ተማሪዎች ለምን እንደሚቀሩ ከአማካሪ የተሻለ ሊያጠና የሚችል የለም፤ ስም ሳይጠቅስ በቁጥር ብቻ ቢጽፈው ምስጢርም አይወጣም።

60 ሰዓት ሲባል ሰው ይደነግጣል። ትምህርት በሚሰጥባቸው 10 ወራት ቢካፈል በወር 6 ሰዓት ነው፤ በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል። አንዳንዶቻችን ላውንጅ ውስጥ ካርታ ስንጫወት በአንድ ከሰዓት በኋላ ከዚህ የበለጠ እናቃጥላለን፤ ስለዚህ ጊዜ የለም የሚለውን ምክንያት ከእኛ ከተማሪዎቹ ማንም አይቀበለንም።

በውጭ አገር እንዴት እንደሚሠራ የሚጠይቁ አሉ። በአሜሪካ ፈቃድ የሚሰጠው እያንዳንዱ ክፍለ ሀገር በየራሱ ሕግ ነው። በቴክሳስ የክፍል አስተማሪ ፈቃዱን ለማደስ በ5 ዓመት 150 ሰዓት ሙያዊ ትምህርት ያስፈልገዋል፤ የትምህርት ቤት አማካሪ ደግሞ 200 ሰዓት። የምክር ሥራ እንደ ማረፊያ ሳይሆን ከማስተማር የበለጠ መታደስ የሚፈልግ ሙያ ሆኖ መቆጠሩን ልብ በሉ። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የሚታደሰው ፈቃድ የ10 ዓመት ሆኖ 270 ነጥብ ይጠየቅበታል። ቴክሳስ አማካሪ ለመሆን ቀድሞ ክፍል ገብቶ ማስተማርን እንደ ግዴታ ትጠይቅ ነበር፤ ይህን ግዴታ እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣ ሕግ አንሥታዋለች። ጓደኛችን ይህን ሲሰማ «አያችሁ!» ማለቱ አይቀርም። እኛ ግን ያ ሕግ ትክክል ይመስለናል፤ ምክንያቱም ጥሩ አስተማሪ ሁሉ ጥሩ አማካሪ አይሆንም፣ አስተምሮ የማያውቅም ሰው ማዳመጥን ሊያውቅ ይችላል። የእኛ ክርክር አማካሪ ሁሉ አስተማሪ ይሁን የሚል አይደለም። ፈቃዱ በእጁ ያለው ሰው በቸልተኝነት አይጣለው ነው የምንለው። በዚያ አገር አማካሪዎች የራሳቸው ማኅበር አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1952 የተቋቋመ ነው፤ ለ250 ተማሪ 1 አማካሪ ይመደብ ብሎ ይመክራል። የእኛ አማካሪ ብቻውን ከሺህ ተማሪ ፊት ሲቆም ከኋላው የሚቆምለት ምንድን ነው? ለጊዜው ከዚያች ፈቃድ በቀር ብዙ አይታየንም።

ሌላም ነገር አለ፤ እሱም በመምህራን ማረፊያ ክፍል የሚታይ ነው። አማካሪው መጥቶ፣ «ይህን ልጅ በክፍል ፊት አታዋርዱት» ሲል፣ 60 ተማሪ የታጨቀበት ክፍል ውስጥ ሲጮህ የዋለው መምህር፣ «አንተ እስቲ ገብተህ እየው!» ይለዋል። ባለፈው ሐሙስ ከዚያ መምህር ጎን ቆሞ ያስተማረ አማካሪ፣ «ገብቼ አይቼዋለሁ፤ ከኋላ ያሉት ሦስቱ ሰሌዳው አይታያቸውም» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱ አማካሪዎች የተማሩት መጽሐፍ አንድ ሊሆን ይችላል፤ የሚደመጠው ግን ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

ወደ ራሳችን እንመለስ። ከትምህርት ክፍላችን የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። በፕራክቲከም ጊዜ የምንሰጠው የቡድን ምክርና የአጠናን ዘዴ ትምህርት እንደ ንግግር መመዝገቡ ቀርቶ በዕቅድ፣ በምልከታና በምዘና ተሠርቶ በማህደረ ተግባር መልክ እንዲያዝ፣ መምህራኖቻችንም በዚያው መልክ እንዲያርሙልን። ተመርቀን ስንወጣ የመጀመሪያውን ማህደር ባዶውን አንጀምረውም፤ የምንቀጠርበትም ትምህርት ቤት አማካሪ እንዲህ ያለ ማህደር ሊይዝ እንደሚችል ከእኛው ይማራል። ይህንኑ በአንድ ገጽ ጽፈን በኅብረቱ ቢሮ አስቀምጠነዋል። ከሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች እስካሁን 11 ፈርመዋል። በላውንጅ የሳቀው ጓደኛችንም ወረቀቱን ወስዶ አንብቦት፣ ሦስተኛው መሥመር ላይ የቃላት ስሕተት አግኝቶ በቀይ አርሞ መልሶልናል፤ አልፈረመም። ስሕተቱን አስተካክለን እንደገና በስቴንስል አባዝተነዋል።